ምዕራፍ ሰባት፦ ባሕር የሰወረውን ፍለጋ

ለራያ ቆላ ሰው ውኃ ከላይ የሚመጣ ነገር ነው። ክረምት ላይ የምዕራቡ ደጋ ሲዘንብ፣ ኮቦ ሜዳ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ጎሊና ወይም ሆርማት ደፍርሶ ይመጣል። ገበሬው ጎርፉን ጠልፎ ማሽላው ላይ ይለቀዋል፤ ከጠለፋ የተረፈው በዞብል ተራሮች በኩል ሾልኮ ወደ አፋር ይወርድና ባሕር ሳይደርስ በዚያው ይቀራል። ጎርፉ ከብት ወይም ሰው የወሰደ እንደሆነ ፍለጋው መንገድ አለው። ወንዝ ሽቅብ አይወስድም፤ ስለዚህ አገሬው በግራና በቀኝ ዳር ተከፍሎ፣ ግንድና ቅርንጫፍ የሚጠራቀምበትን መታጠፊያ ሁሉ እያየ ቁልቁል ይወርዳል። እዚያ የሚያጥረው ጊዜ ነው፤ አቅጣጫ አያጥርም።

ባሕር ላይ ሽቅብና ቁልቁል የለም። ተንሳፋፊው በነፋስና በሞገድ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፤ ሰማጩ በሌላ ወገን ይወርዳል፤ ፈላጊው በዓይኑ የሚያየው የላይኛውን ብቻ ነው። ከወንዝ ዳር ያደገ ሰው በጥልቅ ባሕር ውስጥ ስለጠፋ ሰርጓጅ ሲሰማ «ለምን ገመድ ጥለው አይጎትቱትም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ይህን ምዕራፍ ይሞላል። መጎተት የመጨረሻው ሥራ ነው። ከዚያ በፊት «የት ነው ያለው?» የሚለው አለ፤ የባሕር ነፍስ አድን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸነፈውም በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

የራሳችንን ታሪክ እናስቀድም።

ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. በቤይሩት ሰዓት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 409፣ ቦይንግ 737-800 አውሮፕላን፣ 82 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች ይዞ ከራፊቅ ሐሪሪ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። ሰማዩ ነጎድጓዳማ ነበር። አምስት ደቂቃ ያህል በአየር ላይ ከቆየ በኋላ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ወደቀ። ከ90ው ሰዎች የተረፈ የለም። ከሊባኖሳውያኑ ቀጥሎ ብዙ ሰው ያለቀባት ኢትዮጵያ ናት፤ ከመንገደኞቻችን ብዙዎቹ ቤይሩት በሰው ቤት ሠርተው ወደ አገራቸው ይመለሱ የነበሩ ሴቶች ናቸው።

ፈላጊ አልጠፋም። የሊባኖስ ጦርና ባሕር ኃይል ወዲያው ወጣ። በደቡብ ሊባኖስ ያለው የተባበሩት መንግሥታት ኃይል መርከቦቹን ላከ፤ ከቆጵሮስ ሄሊኮፕተሮች መጡ፤ ራሜጅ የተባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ ደረሰ፤ ኋላም የባሕር ወለል ለመቃኘት የተሠራው ኦሽን አለርት ተጨመረ። አውሮፕላኑ የወደቀው ከዋና ከተማ አጠገብ፣ ራዳር እያየው፣ ዳርቻው ላይ ሰው እያለ ነው። ከዚህ የቀለለ የባሕር ፍለጋ ይኖራል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ሆኖም ዋናው ስብርባሪ ያለበትን ቦታ ለማግኘት ሁለት ሳምንት ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው። በመጀመሪያው ሳምንት ከአውሮፕላኑ የመረጃ መቅረጫ ሳጥኖች የመጣ የሚመስል ድምፅ እንደተሰማ፣ ሳጥኖቹም 1,300 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ እንዳሉ ተነገረ። ለቤተሰብ ይህ የመርዶ መርዶ ነበር፤ በዚያ ጥልቀት ጠላቂ ሰው አይገባም፣ ሬሳም በቶሎ አይወጣም። በስተኋላ ግን የአውሮፕላኑ አካል የተገኘው ከናዕሜ ዳርቻ ፊት ለፊት፣ 45 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው።

1,300 እና 45! እንዲህ ያለ ርቀት እንዴት ይመጣል? አንዱን ምክንያት የሊባኖስን ዳርቻ የሚያውቅ ይገምታል። አገሩ ከተራራው እስከ ባሕሩ በቶሎ ቁልቁል የሚወርድ ነው፤ ቁልቁለቱ ዳርቻው ላይ አያበቃም፣ ከውኃው በታችም ይቀጥላል። ከዳር ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተራቀ ወለሉ ገደል ይገባል። ስለዚህ ካርታ ላይ ትንሽ የምትመስል ስሕተት ከጠላቂ ዋናተኛ ሥራ ወደ ሮቦት ሥራ ታሸጋግራለች። ሌላው ምክንያት ድምፁ ራሱ ነው።

በአውሮፕላን መቅረጫ ሳጥን ላይ ውኃ ሲነካው በራሱ የሚሠራ ትንሽ ድምፅ ሰጪ ተገጥሟል። በሰከንድ አንዴ፣ በ37.5 ኪሎ ኸርዝ፣ ጆሮአችን ሊሰማው በማይችል ቅጥነት ይመታል። ያኔ ባትሪው የሚቆየው 30 ቀን ነበር። የሚሰማበት ርቀት እንደ ሁኔታው አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በዚህ ላይ ድምፅ በባሕር ውስጥ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ላይኛው ውኃ ሞቃት፣ ታችኛው ቀዝቃዛ፣ ጨውነቱም እንደ ጥልቀቱ የተለያየ ነው፤ ድምፁ ከአንዱ ንብርብር ወደ ሌላው ሲያልፍ ይታጠፋል፤ ከገደል ግድግዳ ላይም ነጥሮ ይመለሳል። በመርከቡ ላይ ያለው ሰሚ የሚሰማው ድምፅ ከቀኝ ቢመጣም ምንጩ በስተግራ ሊሆን ይችላል። የመርከቦቹ ሞተር ደግሞ በበኩሉ ይጮሃል። ብዙ ፈላጊ መርከብ በአንድ ቦታ መሰብሰቡ የሚያደምጠውን ሰው ሥራ የሚያከብድበት ጊዜ አለ፤ ይህን ከዳር ሆኖ በቴሌቪዥን የሚያይ ሰው አይረዳውም።

የበረራ መረጃው መቅረጫ ጥር 30 ቀን ወጣ። የአብራሪዎቹ ክፍል ድምፅ መቅረጫ የካቲት 3 ቀን ሲገኝ ዋናው የማስታወሻ ክፍሉ ተገንጥሎ ነበር፤ እሱን ከወለሉ ለማግኘት እስከ የካቲት 9 ድረስ ተፈለገ። ቦታው ከታወቀ በኋላ፣ 45 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ አንዲት ቁራጭ ለማንሣት ይህን ያህል ቀን! ሳጥኖቹ ወደ ፈረንሳይ ተልከው ተነበቡ። የሊባኖስ መርማሪዎች ጥር 8 ቀን 2004 ዓ.ም. ይፋ ባደረጉት የመጨረሻ ሪፖርት ጥፋቱን በአብራሪዎቹ አያያዝ ላይ አደረጉ፤ አየር መንገዱም ድምዳሜውን አልተቀበለም። ያ ክርክር የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ አይደለም። ለእኛ የሚጠቅመው፣ ክርክር ሊኖር የቻለውም ሳጥኖቹ ከባሕር ስለወጡ መሆኑ ነው።

ቦታው በእርግጥ 1,300 ሜትር ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? መልሱ ከዚያ ስምንት ወር ገደማ ቀደም ብሎ በአትላንቲክ ላይ ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 2009 ከሪዮ ዴ ጄኔሮ ወደ ፓሪስ ይበር የነበረው የኤር ፍራንስ 447 አውሮፕላን ከ228 ሰዎች ጋር ጠፋ። ተንሳፋፊ ስብርባሪው በቀናት ውስጥ ተገኘ፤ የሰመጠው አካል ግን 3,900 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ የተገኘው ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2011 ነው። የድምፅ ሰጪው ባትሪ ካለቀ ቆይቷል። ወለሉን በሶናር የቃኙት ሰው አልባ ጠላቂዎች ነበሩ። ከዚህ አደጋ በኋላ ነው የድምፅ ሰጪ ባትሪ ከ30 ወደ 90 ቀን እንዲያድግ የተወሰነው።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እንይ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ 961 በረራ፣ ቦይንግ 767፣ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲሄድ በሦስት ሰዎች ተጠለፈ። ጠላፊዎቹ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ፤ ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ቢነግራቸውም አልሰሙትም። ነዳጁ አለቀ፤ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አውሮፕላኑ በኮሞሮስ፣ ከአንድ የመዝናኛ ሆቴል ፊት ለፊት፣ ከዳር 500 ሜትር ያህል ርቆ ውኃ ላይ ወድቆ ተሰባበረ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ 50ው ተረፉ፤ ካፒቴኑ ከተረፉት አንዱ ነው። ከሞቱት መካከል በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከአላማጣ ዳገቱን ወጥተን በምናገኛት በኮረም ራቡን ቀርጾ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ይገኛል። የራያና የአካባቢው ሰው ያለቀበትን ያን ዘመን ዓለም ያየው በእሱ ካሜራ ነው።

50ውን ማን አዳናቸው? የባሕር ኃይል አልነበረም፤ ሶናር አልነበረም። የሆቴሉ ሠራተኞችና እንግዶች፣ ዓሣ አጥማጆችም ጭምር፣ ባገኙት ጀልባ ደረሱላቸው። ለእረፍት የመጡ ሐኪሞች አሸዋው ላይ ቁስለኛ ያክሙ ነበር። አውሮፕላኑ ሲወድቅ ያየ ሰው ነበር፤ ቦታው ታወቀ፤ ጥልቀቱ ትንሽ፣ ርቀቱ ቅርብ ነው። የባሕር ነፍስ አድን ሥራ ያለ ምንም መሣሪያ የተሳካበት ቀን ቢኖር ይህ ነው። በነገራችን ላይ በዚያ ቀን ብዙዎችን የገደለው ውኃው ብቻ አልነበረም፤ የሕይወት አድን ጃኬታቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ እያሉ የነፉ ሰዎችን ውኃው ገብቶ ወደ ጣሪያው አንሳፍፎ መውጫ አሳጣቸው። የበረራ አስተናጋጅ «ከወጣችሁ በኋላ ንፉ» ስትል የምታወራው ከዚህ ዓይነት ቀን ነው፤ እባካችሁ ስሟት።

ከኮሞሮስ ዳርቻ ወደ ጥልቁ ስንወርድ የሚለወጠው ምንድን ነው?

መጀመሪያ ብርሃን ይጠፋል። ከ200 ሜትር በታች የፀሐይ ብርሃን ለዓይን የሚበቃ አይደለም፤ ከ1,000 ሜትር በታች ቀንም ሌት ነው። የመብራት ብልጭታ ጥቂት አሥር ሜትሮችን ቢያሳይ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ የሬዲዮ ሞገድ በጨው ውኃ ውስጥ አያልፍም። ስልክ የለም፣ ጂፒኤስ የለም፣ ከሳተላይት የሚመጣ ነገር ሁሉ ውኃው ላይ ያበቃል። የቀረው ድምፅ ነው፤ በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል፣ ከአየር ከአራት እጥፍ በላይ ፈጥኖ ይሄዳል፣ ግን ከላይ እንዳየነው ይዋሻል። ቅዝቃዜም አለ። በጥልቁ ውኃ ከዜሮ በላይ ሁለትና ሦስት ዲግሪ ነው፤ ማሞቂያ የሌለው ሰርጓጅ ውስጥ ያለ ሰው ኦክስጅኑ ሳያልቅ ብርዱ ሊገድለው ይችላል።

ሦስተኛው ግፊት ነው። በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመራል። ታይታኒክ የተኛችበት 3,800 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ 380 እጥፍ ይሆናል፤ ይኸውም በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ከትንሽ ጣት ጥፍር በማይበልጥ ቦታ፣ አራት ኩንታል ሊሞላ ትንሽ የቀረው ክብደት ማለት ነው። ስለዚህ «ጠላቂ ወርዶ በሩን ይክፈትላቸው» የሚባል ነገር የለም። ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው ድንበሩ 40 ሜትር ነው። ሰልጥኖ፣ ልዩ ጋዝ እየተነፈሰ፣ ለቀናት በግፊት ክፍል ውስጥ እየኖረ የሚሠራ ባለሙያ ጥቂት መቶ ሜትሮች ይወርዳል። ከዚያ በታች ያለው ዓለም የሮቦት ነው፤ ያን ያህል የሚወርድ ሮቦት ደግሞ በዓለም ላይ ጥቂት ነው፤ ያለውም ሌላ ሥራ ላይ፣ ሌላ ባሕር ላይ ነው።

ይህን ይዘን ወደ ታይታን እንሂድ። ሰኔ 11 ቀን 2015 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት፣ ከካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ደቡብ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ አምስት ሰዎች የያዘች ሰርጓጅ ታይታኒክን ለማየት ወረደች። መሪዋ የሠራት ኩባንያ ኃላፊ ስቶክተን ረሽ ነው፤ አብሮት የታይታኒክን ስብርባሪ ከማንም በላይ ያወቀው ፈረንሳዊው ፖል-ሄንሪ ናርዦሌ አለ። ከአንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ገደማ በኋላ ከእናት መርከቧ ከፖላር ፕሪንስ ጋር የነበራት ግንኙነት ተቋረጠ። መርከቡ መመለሻ ሰዓቷን ጠብቆ፣ ከሰዓታት በኋላ ለአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጠባቂ አስታወቀ። ታይታን ለ96 ሰዓት የሚበቃ ኦክስጅን አላት ተባለ፤ ከዚያ በኋላ የዓለም መገናኛ ብዙኃን ሁሉ ሰዓት ቆጣሪ ሆነ።

ፈላጊዎቹ የገጠማቸውን ችግር እንቁጠርላቸው። ሰርጓጇ ላይ ላዩን ተንሳፍፋ ይሆን? ከሆነ ነጭ አካሏ ከሞገዱ አረፋ አይለይም፤ በሯ ደግሞ ከውጭ በብሎን የሚታሰር ስለሆነ ተንሳፍፋም ሰዎቹ ራሳቸው ከፍተው አይወጡም። ወለሉ ላይ ናት? ከሆነ 3,800 ሜትር የሚወርድ ሮቦት ያስፈልጋል፤ ሮቦቱ፣ የሚሸከመው ገመድ፣ ገመዱን የሚጠቀልለው ከባድ መሣሪያ በአውሮፕላን ወደ ሴንት ጆንስ መጥቶ፣ መርከብ ላይ ተጭኖ፣ ከዚያ 700 ኪሎ ሜትር መሄድ አለበት። መሐል ላይ ተንጠልጥላ ነው? እንዲያ ከሆነ የፍለጋው ቦታ ወለል መሆኑ ቀርቶ ሙሉ የውኃ ክምር ይሆናል። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ መፈለግ ነበረባቸው።

የካናዳ አውሮፕላኖች ወደ ባሕሩ የጣሏቸው ማዳመጫዎች ማክሰኞና ረቡዕ ኳኳታ ሰሙ። ተስፋው ለመለመ፤ ፍለጋው ወደዚያ ዞረ። ኳኳታው የታይታን አልነበረም። ባሕር ጸጥተኛ ነው የሚል ያላደመጠው ነው፤ መርከብ፣ ዓሣ ነባሪ፣ የድሮ ብረት፣ ሁሉም ያንኳኳል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 15 ቀን፣ ኦዲሲየስ የተባለው ሮቦት ወለሉ ላይ እንደደረሰ በሰዓታት ውስጥ ከታይታኒክ አፍንጫ 500 ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ስብርባሪዋን አገኘ። ታይታን እሑድ ዕለት፣ ገና እየወረደች ሳለ፣ በግፊቱ ወደ ውስጥ ተጨፍልቃ ነበር። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የውኃ ውስጥ ማዳመጫዎች በዚያው ቀን ለዚህ የሚስማማ ድምፅ ይዘው ነበር፤ እርግጠኛ ስላልነበረ ግን ፍለጋው ቀጠለ። መቀጠሉ ትክክል ነው ባይ ነኝ። «ምናልባት ሞተዋል» ተብሎ በሕይወት ያለ ሰው ከሚተው፣ የሞተ ሰው አራት ቀን ቢፈለግ ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መባል አለበት። 96 ሰዓቱ ትርጉም አልነበረውም፤ ፍለጋው የተሸነፈው እሑድ ሳይሆን ከዓመታት በፊት ነው። የታይታን አካል ከታይታኒየም ጉልላቶች ጋር የተያያዘ የካርቦን ፋይበር በርሜል ነበር፤ ይህ ቁስ በተደጋጋሚ ግፊት ውስጥ እንዴት እንደሚያረጅ በቂ ልምድ አልነበረም። ሰርጓጇ በማንም ገለልተኛ ተቋም አልተመረመረችም፤ የዘርፉ ባለሙያዎች አስቀድመው አስጠንቅቀው ነበር። የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጠባቂ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ባወጣው ሪፖርት አደጋው ሊቀር የሚችል ነበር ብሏል። እናት መርከቧ ላይ ወለሉ ድረስ ወርዶ የሚያይ ሮቦት አልነበረም። በረሃ ያለ ትርፍ ውኃ የሚያቋርጥ ሹፌር ቢሞት «በረሃው ገደለው» አይባልም።

ጥልቅ ባሕር ሰው መልሶ አያውቅም ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 1973፣ ከአየርላንድ ደቡብ ምዕራብ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ፣ የስልክ ኬብል ትቀብር የነበረችው ፓይሲስ ሦስት የተባለች የእንግሊዝ ሰርጓጅ ሥራዋን ጨርሳ ወደ መርከቧ ስትጎተት፣ ገመድ ተጠላልፎ የኋላ ክፍሏን ክዳን ነቀለው። ክፍሉ ውኃ ሞላ፤ ሰርጓጇ 480 ሜትር ወርዳ ወለሉን መታች። ውስጧ ሁለት ሰዎች፣ ሮጀር ማሊንሰንና ሮጀር ቻፕማን ነበሩ።

ለሦስት ቀን የሚበቃ አየር ነበራቸው። ሁለቱም ያለ ሥራ ተኙ፤ ማውራት ኦክስጅን ይበላልና ዝም ተባባሉ። እንዲህ ባለ ቦታ ሰው አስቀድሞ የሚሞተው ኦክስጅን አጥቶ ይመስለናል፤ ፈጣኑ ገዳይ ግን ራሱ ሲተነፍስ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እሱን የሚመጥ ኬሚካል ነበራቸው፣ ማራገቢያውን ግን በሰዓት እየለኩ ያስነሡት ነበር፤ ባትሪም ይቆጠባልና። ራስ ምታቱ፣ ብርዱ፣ እርጥበቱ ተደማምሮ ሦስት ቀን ሙሉ ጨለማ ውስጥ ተቀመጡ። ሁለት እህት ሰርጓጆች መጡ፤ ከአሜሪካ ደግሞ ከርቭ የተባለ ሮቦት በአውሮፕላን ደረሰ። አንዱ ገመድ አልያዝ አለ፣ ሌላው ተበጠሰ፣ ሮቦቱ ተበላሸ፣ እንደገና ተሞከረ። በመጨረሻ ሁለት ገመድ ታስሮ ተጎተተች። 76 ሰዓት ተይዘው ቆይተው ሲወጡ የቀራቸው ኦክስጅን ለ12 ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር።

ለምን ተረፉ? የት እንዳሉ ይታወቅ ነበር፤ ሲሰምጡ መርከባቸው ከላይ ነበረች። በውኃ ውስጥ ስልክ ይነጋገሩ ነበር፤ በሕይወት መኖራቸውን የሚጠራጠር አልነበረም። ተመሳሳይ ጥልቀት የሚወርዱ ሌሎች ሰርጓጆች ነበሩ። በተጨማሪም ማሊንሰን ከመውረዳቸው በፊት በከፊል የተጠቀሙበትን የኦክስጅን ሲሊንደር በሙሉ ለውጦት ነበር። በዚያች የጥንቃቄ ሥራ ሁለት ነፍስ ተረፈ።

የሩሲያዋ ሰርጓጅ ኤኤስ-28ም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2005 ካምቻትካ አጠገብ፣ 190 ሜትር ላይ፣ በመረብና በኬብል ተይዛ ከሰባት ሰዎቿ ጋር ሦስት ቀን ቆይታ፣ ከእንግሊዝ በአውሮፕላን የመጣ ሮቦት መረቡን ቆርጦ ለቀቃት። አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ኩርስክ የተባለችው የሩሲያ ሰርጓጅ ፈንድታ 108 ሜትር ላይ ሰምጣ 118 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከፍንዳታው የተረፉ 23 መርከበኞች በኋለኛው ክፍል ለሰዓታት በሕይወት ነበሩ፤ ሩሲያ የውጭ እርዳታ ለመቀበል ቀናት ወሰደባት። በኤኤስ-28 ጊዜ ግን በቶሎ ጠራች። ትምህርት ተወስዷል ማለት ነው።

የኮቦ አንባቢ ግን ስለ ባሕር ሲነሣ የሚያስበው ታይታንን እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሚያስበው ኦቦክን ነው። ከወሎና ከትግራይ የሚወጣው ወጣት በአፋር አቋርጦ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከኦቦክ ዳርቻ በሌሊት ጀልባ ይሳፈራል፤ ከፊቱ ያለው የባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ በጠባቡ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማዶው የመን ነው። ሌሎች ሶማሊያ ዞረው ከቦሳሶ ይነሣሉ። ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቦሳሶ የተነሣች ጀልባ በየመን ዳርቻ ስትሰምጥ፣ የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት እንዳለው፣ 260 ሰዎች ይዛ ነበር፤ 49 ሬሳ ተገኘ፣ 140 ሰው የደረሰበት ጠፋ። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በየመን አቢያን ዳርቻ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑባት ሌላ ጀልባ ተገለበጠች። መጀመሪያ የተሳፈሩት 150 አለፍ ያሉ ናቸው ተባለ፣ ቆይቶ 200 ገደማ ተባለ፤ የሟቾቹም ቁጥር በየቀኑ ይቀያየር ነበር።

ቁጥሩ ለምን ይቀያየራል? ቤይሩት ላይ 90ው ሰው ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ በስም ይታወቅ ነበር፤ ዝርዝሩ ስላለ ነው ከቤተሰብ በተወሰደ የዘር ናሙና ሬሳው የማን እንደሆነ መለየት የተቻለው። ታይታን ስትጠፋ «አልተመለሰችም» የሚል መርከብ ነበር። ፓይሲስ በስልክ ትናገር ነበር። የኦቦክ ጀልባ ዝርዝር የላትም፣ ሬዲዮ የላትም፣ መነሣቷን ያወቀው ደላላ አይናገርም፤ መቼ ትደርሳለች ብሎ የሚጠብቅ ወደብ የለም። ፍለጋው የሚጀመረው ሬሳ አሸዋው ላይ ሲታይ ነው። ለታይታን አምስት ሰዎች የሁለት አገር ባሕር ኃይል ወጥቶ ለእኛ ልጆች አለመውጣቱ ያናድዳል፣ ማናደዱም ተገቢ ነው፤ ግን ነገ በጎ ፈቃድ ያለው መርከብ ሁሉ ቢሰለፍ እንኳ «የት? መቼ? ስንት ሰው?» ለሚለው መልስ ከሌለ የሚፈልገውን አያውቅም። ይህን መልስ ማንም ባለሥልጣን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ካለ ቤት ያለው ሰው ነው።

ስለዚህ ልጁ፣ እኅቱ ወይም ወንድሙ በዚያ መንገድ ላይ ያለ ሰው ከቁጣና ከልመና በፊት ወረቀት ያዘጋጅ። መጨረሻ የደወለበትን ቀንና ቁጥር፣ የደወለበትን ቦታ፣ አብረውት የነበሩትን ልጆች ስምና አገር፣ የለበሰውን ልብስ፣ ሰውነቱ ላይ ያለውን ጠባሳ ወይም ንቅሳት ይጻፍ። «መኪና ላይ ነን»፣ «ዛሬ ማታ እንሻገራለን» የሚል የድምፅ መልእክት ካለ አይሰረዝ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የማፈላለግ አገልግሎት ይሰጣል፤ ክፍያ የለውም፤ ማመልከቻውን የሚቀበለው ከቤተሰብ ነው። ወረቀቱን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ቅርንጫፍ ሂዱ፤ ወር እስኪሞላ አትጠብቁ።